በሽቦ የታሰረው ጠመንጃ

ከባሌ ከሞላ ጋር መጨረሻ የሠራነው ሥራ ጠመንጃ መወልወል ነበር። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ ደባርቅ ባለው ቤታችን በር ላይ፣ እሱ በርጩማ ላይ፣ እኔ ደፉ ላይ ተቀምጠን። የተነደፈ ጥጥ በዘይት ነክሬ በክር አሰርኩት። ክሩን ከኋላ በኩል አስገባሁለት፤ እሱ ከአፈሙዙ ጫፍ ተቀብሎ ቀስ እያለ ሳበ። ባሌ የሒሳብ መምህር ነበር። ጠመንጃ አይወድም፤ ክሩን መሳብ ግን ይወድ ነበር። "ዓሣ የማጠምድ ይመስለኛል" ይለኛል ሁልጊዜ።

ያን ቀን ሰደፉ ላይ የተጠመጠመውን የመዳብ ሽቦ በጣቱ እየዳሰሰ፣ "ትርንጎ፣ እናትሽ ስንት የሚያምር ጠመንጃ እያለ ይሄን ስባሪ ለምን መረጠችው?" አለኝ።

"ረጅም ነገር ነው" አልኩት።

"እንግዲያው ነገ ትነግሪኛለሽ።"

በማግስቱ እንግዳ መጣብንና ተረሳ። ሰኞ ጠዋት ወደ ትምህርት ቤት ሲሄድ መንገድ ላይ ወደቀ። ልቡ ነው አሉኝ።

አርባው ካለፈ በኋላ ጠመንጃውን ከግድግዳ አወረድኩት። የዘይቱ ሽታ ከብረቱ ሽታ ጋር ሲደርሰኝ የሞላ ጥያቄ ትዝ አለኝ። ጠይቆኛል፤ አልመለስኩለትም። አሁን መልሱን እጽፍለታለሁ። ቶሎ መጻፍ አልችልም፤ በቀን አንድ ገጽ ከሞላልኝ ጥሩ ነው። ቢሆንም እጨርሰዋለሁ።

*

አራተኛ ክፍል የገባሁበት ዓመት ነው። የምንኖረው ዳባት ከተማ ዳር ነበር። ከከተማው ሁለት ሰዓት ያህል ቁልቁል ሲወረድ፣ ከገደሉ ሥር፣ ማሽላ የምንዘራበት ማሳ ነበረን። የምንበላው ከዚያ ማሳ ነው።

አባቴ የሞተው ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት በመስከረም ነው። የሞተ በሬ ገፍፎ አንገቱ ላይ ጥቁር ቁስል ወጣበት። አባ ሰንጋ ነው አሉ። በአምስተኛው ቀን አረፈ። ከዚያ በኋላ ጥቅምት ሲገባ ከርከሮ ማሽላውን ጨረሰው። አባቴ በሕይወት ሳለ በወንጭፍና በጩኸት ያባርራቸው ነበር፤ ድምፁን ያውቁታል። እናቴ ስትጮህ ግን ቀና ብለው አይተዋት ወደ መብላታቸው ይመለሱ ነበር። ያን ዓመት ያጨድነው አገዳ ብቻ ነው።

አራተኛ ክፍል በገባሁበት ዓመትም ማሽላው ቁመት ሲያወጣ የአባቴ ታላቅ ወንድም አያ ፈንታሁን ቤታችን መጣ። ክፉ ሰው አልነበረም። እውነት ሁሉ እሱ ጋ ብቻ ያለች የሚመስለው ሰው ነበር እንጂ።

"ይታይሽ" አላት እናቴን በስሟ ጠርቶ፣ "ያን ማሳ በእኩል ልረሰው፤ ግማሹ ምርት ያንቺ፣ ግማሹ የኔ። አንቺም ከመንከራተት ትረፊ። ልጅቷ ደግሞ ጎንደር እህቴ ዘንድ ትሂድ። ሕፃን ትያዝላት፤ ጠግባ ታድራለች።"

"ትምህርቷስ?"

"ስሟን ትጽፍ የለ? ሌላ ምን ልትጽፍ ነው?"

እናቴ የምትፈትለውን ጥጥ ጭኗ ላይ አስቀመጠች።

"ጠመንጃ እገዛለሁ" አለች።

አያ ፈንታሁን ሳቀ። "ለማን?"

"ለከርከሮው።"

እኔ ጥግ ቁጭ ብዬ ነበር። ጎንደርን አይቼ አላውቅም። ሕፃን መያዝ ማለት ሕፃኑን እስኪያድግ ድረስ ከእጅ አለማውረድ መሰለኝና፣ እንዴት አድርጌ እንደምበላ እያሰብኩ ዋልኩ።

በሳምንቱ እናቴ ፈቃድ ልትጠይቅ ቀበሌ ስትሄድ ተከተልኳት። ጸሐፊው ብዕሩን አንስቶ፣ "በማን ስም ልጻፈው? በሟች ወንድም ስም?" አላት።

"በስሜ።"

"ሴት ነሽ እኮ።"

"አውቃለሁ" አለችው።

*

መስቀል ባለፈ በሳምንቱ ጊደራችንን ሸጠች። ቅዳሜ ዕለት እኔን አስከትላ ዳባት ገበያ፣ ሐጂ ኑሩ ሱቅ ሄደች። አያ ፈንታሁንም ሳይጠራ መጣ። "ሴት ብቻዋን ጠመንጃ ስትገዛ ዝም ብዬ አላይም" አለ።

ሐጂ ኑሩ ከፊት ለፊት ጥጥና ክር ይሸጣሉ፤ ከጓሮ ባለችው ክፍል ጠመንጃ ይጠግናሉ። እናቴን የሚያውቋት በፈትሏ ነው። አንደኛው እግሩ የተሰበረ መነጽራቸውን በክር ጆሯቸው ላይ አስረውታል።

"ዛሬ ፈትል አልያዝሽም?" አሏት።

"ዛሬ ልሸጥ አይደለም ሐጂ፣ ልገዛ ነው።"

ስትነግራቸው አልሳቁም። ተነሥተው ወደ ጓሮው ክፍል አስገቡን። እዚያ ጠመንጃዎች በተነጠፈ ጆንያ ላይ በተርታ ተኝተዋል። አንዱ ሰደፉ የለም፣ አንዱ ሆዱ ተከፍቷል። ዘይት ዘይት ይሸታል። ሐጂ አንዱን አንሥተው መዝጊያውን እየሳቡ ጆሯቸውን ሲያስጠጉ አየሁ። ዳባት ጤና ጣቢያ ሐኪሙ አባቴን ሲመረምር እንደዚያ ነበር። ጠመንጃም ይታመማል ለካ አልኩ በሆዴ።

መጀመሪያ ያወጡት ውጅግራ የሚባል የጥንት ጠመንጃ ነበር። ረጅም ነው፤ ሦስት የብር ቀለበት አለው፤ ሰደፉ ላይ አበባ ተቀርጾበታል።

"ይኸው!" አለ አያ ፈንታሁን። "ይሄ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ እንኳ ሌባ ያባርራል።"

"ሌባስ ያባርራል" አሉ ሐጂ። "ከርከሮ ግን ቤት ገብቶ ግድግዳ አያይም።"

"ጥይቱ ይገኛል?" አለች እናቴ።

"ጥይቱን የሚያውቁት አያቴ ነበሩ፤ አላህ ይማራቸው። ስሚኝ ይታይሽ፣ ጠመንጃ የሚገዛው አንዴ ነው። ጥይት ግን እንደ ጨው ነው፤ ሲያልቅ ገበያ ወጥተሽ የምታገኚው መሆን አለበት። ጠመንጃው ረክሶልሽ ጥይቱ ከጠፋ የገዛሽው ከዘራ ነው።"

ቀጥለው ምንሽር አመጡ። ንጹሕ ነው፤ ዋጋው ግን የጊደሯን ገንዘብ እስከ መጨረሻው የሚወስድ ነበር።

"ዓይንሽን ጨፍነሽ ደግኚው" አሏት። "ትከሻሽ ላይ ካረፈ በኋላ ግለጪ። አፈሙዙ ጫፍ ላይ ያለችው ጉጥ ካልታየችሽ ያ ጠመንጃ የሌላ ሰው ነው።"

እናቴ ነጠላዋን አጣፍታ ደገነች። ጨፈነች። ገለጠች።

"ምን ታየሽ?"

"ጣሪያዎ።"

"የረጅም ሰው ነው።"

"ሰደፉን ማስቆረጥ ይቻል የለም ወይ?" አለ አያ ፈንታሁን።

"ይቻላል። ጥይቱን ግን ማን ይገዛላታል? አንተ?"

አያ ፈንታሁን ጣሪያውን ማየት ጀመረ።

ሦስተኛውን ሐጂ አላወጡትም፤ እናቴ ናት ጥግ ላይ ያየችው። አጭር ዲሞትፎር ነው። ሰደፉ አንገቱ ላይ ተሰንጥቆ በመዳብ ሽቦ ተጠምጥሟል፤ የተሰበረ ክንድ በጨርቅ እንደሚታሰረው።

"እሱን ለገዢ አላሳይም" አሉ ሐጂ። "መልኩ ያሳፍረኛል። ጥይቱ ግን ሞልቷል።"

እናቴ ደገነች። ጨፈነች። ስትገልጥ አልተንቀሳቀሰችም።

"አሁንስ?"

"ጉጧ ታየችኝ። ከጉጧ በላይ ደግሞ የበርዎ ቁልፍ።"

ሐጂ ዞር ብለው የበሩን ቁልፍ አዩ። አፈሙዙ ትክክል ወደዚያ ነበር።

"ሆዱ ዝጎ ይሆናል" አለ አያ ፈንታሁን። "በሽቦ የታሰረ ነገር ከውስጥ ምን እንዳለ ማን ያውቃል?"

ያኔ እናቴ ያደረገችውን ሐጂ ኑሩ እስኪሞቱ ለሰው ሁሉ ሲያወሩት ኖረዋል። ከመቀነቷ ውስጥ ለመፈተል የተዘጋጀ ባዘቶ አወጣች። በክር አሰረችው። የክሩ ጫፍ ላይ ምስማር አስራ፣ መጀመሪያ በውጅግራው ውስጥ ሰደደችውና ከወዲያ በኩል ቀስ አድርጋ ሳበች። ባዘቶው መንገድ ላይ ተያዘ፤ እንደገና ተያዘ፤ ሲወጣ ቀይ ዝገት ለብሶ ግማሹ ተቦጭቆ ነበር። በምንሽሩ አዲስ ባዘቶ ሳበች፤ እሱም ጫፉ አጠገብ ያዝ አደረገው። በባለ ሽቦው ስትስብ ግን ድምፅ የለ፣ መያዝ የለ። ጥጡ እንደገባ ወጣ። ትንሽ ግራጫ ሆኖ ነበር፤ ሌላ ምንም አልነካውም።

እናቴ ባዘቶውን ወደ ብርሃኑ አንሥታ አየችው። ቀጭን ፈትል የምትፈትል ሴት፣ ትንሽ ሻካራ ነገር የት ጋ እንደነካት ጣቷ ያውቃል።

"እኔ ይሄን ሁሉ ዘመን በዓይኔ ነው የማየው" አሉ ሐጂ ኑሩ። "ይታይሽ፣ ነገ ነይና ሱቁን ተረከቢኝ።"

ዋጋው ከምንሽሩ እኩሌታ አይሞላም ነበር። ከተረፈው ለቀለብ አስቀርታ አምስት ጥይት ገዛች።

"ሦስቱን ኢላማ ላይ ተኩሺ" አሏት።

"ሦስቱን በከንቱ?" አለ አያ ፈንታሁን።

"ጠመንጃዋን ሳታውቅ ከሆነ አምስቱም በከንቱ ነው። ይታይሽ፣ ከምትመቺው ነገር ኋላ ሰው አለመኖሩን ሳታዪ ምላጭ አትንኪ። ከተኮስሽ በኋላ ደግሞ ሳይቀዘቅዝ በዚያው በጥጥሽ ጥረጊው።"

*

እናቴ ሦስቱን ጥይት ከማሳው ራስጌ ባለው ገደል ሥር ተኮሰች። ኢላማው ግንድ ላይ የተቀመጠ ቅል ነበር። እኔ ትምህርት ቤት ስለነበርኩ አላየሁም። ማታ ስትመለስ፣ "ወደ ግራ ይሄዳል፤ ሁለት ጣት ወደ ቀኝ እይዛለሁ" ብቻ አለችኝ። ደስ ያላት ትመስል ነበር።

በሦስተኛው ቀን ገላዋን ስትታጠብ ትከሻዋን አየሁት። ከአንገቷ ሥር እስከ ክንዷ ጠቁሯል።

"እማዬ፣ ምንድን ነው?"

ቶሎ ብላ በነጠላዋ ሸፈነችው። "ምንም አይደለም። ለማንም እንዳትናገሪ።"

ጥቁር ነገር በሰው ገላ ላይ ሲወጣ ምን ማለት እንደሆነ የማውቅ ይመስለኝ ነበር። እንደ አባቴ አምስት ቀን ነው። ከየት እንደመጣባትም አወቅሁ ብዬ ነበር፤ ከታመሙት ጠመንጃዎች መካከል፣ ያውም ቁስሉ የታሰረውን፣ ትከሻዋ ላይ አድርጋዋለች። ተጋባባት። ሌሊቱን በሙሉ ትተንፍስ አትተንፍስ ሳዳምጥ አደርኩ። ጠዋት ወደ ትምህርት ቤት እሄዳለሁ ብዬ አያ ፈንታሁን ቤት ሮጥኩ።

"አያ፣ ጠመንጃው በሽታውን አጋባባት! ትከሻዋ እንደ አባዬ አንገት ጠቁሯል!"

አያ ፈንታሁን ፊቱ ተለወጠ። አባቴን የገነዘው እሱ ነው። ባለቤቱን እትዬ እናንዬንና የነፍስ አባታችንን ይዞ እያለከለከ ቤታችን ደረሰ። እናቴ ደጅ ላይ ጌሾ ታሰጣ ነበር። እነሱን አየች፤ ቀጥሎ ከኋላቸው እኔን አየች። ያን አስተያየቷን እስካሁን አልረሳሁትም።

"ታመሻል አሉ ይታይሽ" አሉ የነፍስ አባታችን።

"ደህና ነኝ አባ።"

"እስቲ እናንዬ ታይሽ።"

ሁለቱ ሴቶች ገቡ። ከቤት ውስጥ የእትዬ እናንዬ ሳቅ ተሰማ። ዓይኗን በነጠላዋ እየጠረገች ወጣች።

"የሰደፍ ምት ነው! በሬ የረገጣት ይመስላል እንጂ በሽታስ የለባትም።"

አያ ፈንታሁን ትንፋሹን ለቀቀ። መፍራቱን ያየነው ስለመሰለው ወዲያው ቁጣ አመጣ።

"ጭራሽ! ከርከሮው ቀርቶ እሷን ነዋ የሚመታው! አባ፣ ይፍረዱ። ይህች ሴት ራሷን ልትገድል ነው። አምና ተበላ፤ ዘንድሮም ይበላል። የወንድሜን ማሳ ከርከሮ ሲበላው ስንት ዓመት ልይ?"

የነፍስ አባታችን መስቀላቸውን አነሡ።

"እስከ ኅዳር ሚካኤል ይቆይ" አሉ። "ማሳው ደህና ከደረሰ የይታይሽ ነው፤ ከእንግዲህ ማንም አይናገራት። ከተበላ ፈንታሁን በእኩል ይረሰው፤ ልጅቷም ጎንደር ትሂድ። ይታይሽ፣ ምን ትያለሽ?"

"እሺ አባ" አለች።

ሲሄዱ በትር የምታነሣ መስሎኝ በሩ ሥር ተሸጉጬ ነበር። አላነሣችም። ጌሾዋን አስጥታ ጨረሰች።

"ትርንጎ" አለችኝ፣ "መፍራትሽን አልጠላሁትም። ሌላ ጊዜ ስትፈሪ ግን መጀመሪያ እኔን ጠይቂኝ። ጠመንጃ ሲተኩስ ወደ ኋላ ይገፋል። እንደ ጥጃ ነው፤ ካላጠበቅሽ ይማታል። አላጠበቅሁም ነበር፤ አሁን አውቄዋለሁ።"

ያን ቀን ከአሮጌ ኩታ ከረጢት ሰፍቼ ባዘቶ ጠቀጠቅሁበት። ስፌቱ ጠማማ ነበር። እናቴ ትከሻዋ ላይ አድርጋ ሞከረችውና ቀሚሷ ውስጥ ሰፋችው።

*

ጥቅምት እንዲያ አለፈ። እኔ ከሰኞ እስከ ዓርብ እትዬ እናንዬ ቤት እያደርኩ እማራለሁ። እናቴ ማሳው ላይ፣ ከግንድ በተሠራው ማማ ላይ ትውላለች፤ ታድራለች። ቆርቆሮ ትመታለች፤ ትጮሃለች። ከርከሮዎቹ ዳር ዳሩን መቅመስ ጀምረው ነበር። የቀሯት ሁለት ጥይቶች ናቸው።

"ለምን አትተኩሺም?" እላታለሁ ቅዳሜ ስወርድ።

"መሪውን እየጠበቅሁ ነው። ሌላው ቢወድቅ መሪው መልሶ ያመጣቸዋል።"

ኅዳር ሚካኤል ሊደርስ አራት ቀን ሲቀረው፣ እሑድ ጎህ ሲቀድ፣ በክርኗ ነካችኝ። ብርዱ አጥንት ይገባል። የማሽላው ቅጠል ጤዛ አዝሎ አጎንብሷል። ከገደሉ በኩል፣ ከማሳው ጠርዝ፣ አገዳ ሲሰበር ሰማሁ። ቀጥሎ አየኋቸው፤ አምስት ናቸው፤ ከፊት የቀደመው ግዙፍ ነው፤ ጥርሱ ወደ ላይ ተቆልምሟል። ማሽላችንን በአፍንጫው ገፍቶ ሲጥል ጎንደር ታየችኝ።

እናቴ ከኋላቸው ያለውን አየች፤ ገደሉ ብቻ ነው። ደገነች። ዓይኗን ጨፈነች፤ ገለጠች። ምላጩን ሳበች።

ጠቅ አለ። ጥይቱ ከሸፈ።

መሪው ቀና አለ። አፍንጫው ወደ እኛ ዞረ። እኔ ልጮህ አፌን ስከፍት እናቴ ሳታየኝ፣ "እስ" አለች። መዝጊያውን ሳበች፤ የከሸፈው ጥይት ጉልበቴ ላይ ወደቀ፤ ቀዝቃዛ ነበር። የመጨረሻውን አጎረሰች። እጇ አልቸኮለም። ፈትል ሲበጠስባት ጫፍና ጫፉን ፈልጋ እንደምታገናኝ ዓይነት ነው። እንደገና ጨፈነች። ያን ጊዜ ለምን ትጨፍናለች ብዬ ልሞት ደረስኩ። ከርከሮው እያያት እንዴት ዓይን ይጨፈናል?

ገለጠች። ሁለት ጣት ወደ ቀኝ ያዘች።

ጩኸቱ ገደሉን መትቶ ተመለሰ። አራቱ በመጡበት ሲበሩ አየሁ። መሪው ሁለት እርምጃ ሄዶ በጎኑ ወደቀ፤ እግሩ ትንሽ ቆፈረና ተወ።

ከማማው ዘልዬ ልወርድ ስል ቀሚሴን ያዘችኝ።

"መጀመሪያ ጠመንጃው። ሳይቀዘቅዝ ብለውኛል።"

"እማዬ፣ ሞቷል እኮ!"

"የትም አይሄድም። ክሩን ያዢ።"

ባዘቶውን ከኋላ አስገባች፤ እኔ ከአፈሙዙ በኩል ክሩን ሳብኩ። ብረቱ ይሞቃል፤ የተቃጠለ ባሩድ ይሸታል። ጥጡ ሲወጣ ከሰል መስሎ ጠቁሯል። ደንግጬ ጣልኩት። ቀጥሎ ስትፈሪ ጠይቂኝ ያለችኝ ትዝ አለኝና ጠየቅኋት።

"ይሄስ ጥቁር ምንድን ነው?"

"ይሄኛው የሚወጣ ነው" አለችኝ። "ለዚህ ነው የምንስበው። ሌላ ጥጥ አምጪ።"

ነጭ ሆኖ እስኪወጣ ድረስ ሳብን።

*

ከርከሮው ለእኛ አይበላም፤ አሞራ በላው። ወሬው ግን ከእኛ ቀድሞ ዳባት ደረሰ። ማሽላውን አጨድን። በኅዳር ሚካኤል ማግስት አያ ፈንታሁን መጣ። አልቀመጥም አለ። ባርኔጣውን በእጁ ሲያዞር ቆየ።

"ይታይሽ፣ እንግዲህ… መሪ ሲያጡ ወደ ላይ ወጡ መሰለኝ። የኔን ባቄላ ጀምረውታል። ሁለት ሦስት ቀን ብትቀመጭልኝ ብዬ…"

እናቴ ከፈትሏ ቀና አላለችም።

"በእኩል ከሆነ እመጣለሁ" አለች።

እትዬ እናንዬ በር ላይ ቆማ ነበር። እንዲያ ስትስቅ የጎረቤት ውሻ ሁሉ ጮኸ። አያ ፈንታሁን መጀመሪያ ጠቆረ፤ ከዚያ እሱም ሳይወድ ሳቀ። እናቴ ሄደችለት። ስትመለስ ሁለት ቁና ባቄላ አስይዟት ነበር። እኔም አራተኛ ክፍልን ጨረስኩ።

*

ሞላ፣ ለምን መረጠችው ላልከኝ መልሱ ይኸው ነው። ጥይቱ ገበያ ላይ ስለሚገኝ፣ ዓይኗን ስትገልጥ ጉጧ ስለታየቻት፣ ጥጡም ሳይያዝ ስለወጣ። ሽቦው እኔን ነው እንጂ እሷን አስፈርቷት አያውቅም።

ባለፈው ሳምንት የሞላ ወንድም መጥቶ፣ "ሽጪው፤ ከእንግዲህ ክሩን ማን ይስብልሻል?" አለኝ። በቅንነት ነው ያለው። ከእናቴ የወረስኩት ማሳ ዛሬም በስሜ ነው፤ ከርከሮውም ዛሬም አለ። አልሸጥም አልኩት።

ቅዳሜ ሲሆን ከሰዓት በኋላ ጠመንጃውን አወርዳለሁ። ባዘቶውን በዘይት ነክሬ አስራለሁ፤ ክሩን በውስጡ አሳልፌ ጫፉን ከበሩ መቃን ጋር አስረዋለሁ። ከዚያ ጠመንጃውን በሁለት እጄ ይዤ፣ ጥጡ እስኪወጣ ድረስ፣ ቀስ እያልኩ ወደ ኋላ እሄዳለሁ።